ያዘመመ ብረትና የልብስ ሰፊዋ ሜትር

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአባቶች ምክር ለአናጢና ለልብስ ሰፊ ብቻ የተነገረ መስሎን ኖሯል። በቅርቡ በተከበረው የቤተሰብ ቀን በጦር ሠፈራችን የደረሰብን ነገር ግን ምክሩ ለመኮንንም ጭምር የተነገረ መሆኑን አስተምሮናል። ስለዚህ የዛሬውን አምዳችንን ስለ አንድ ስሕተት፣ ስሕተቱንም ስላረመች አንዲት እኅት፣ ከሁሉም በላይ ግን ስለ ዘመመ ብረት ልናውለው ወደናል። ስሕተቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው።

እንደሚታወቀው በቤተሰብ ቀን ባልና ሚስት፣ ልጅና ጎረቤት አንድ ላይ ተሰብስበው የሚያዩት አንድ ነገር ማዘጋጀት ልማዳችን ነው። በዚህ ጊዜ ያሰብነው የጦር ጨዋታ ነበር። በአሸዋ ገበታ ላይ ኮረብታና ሸለቆ ሠራን፤ ከእንጨት የተጠረቡ ትንንሽ ታንኮች ደረደርን፤ ለእያንዳንዱም የግንባሩን ብረት ውፍረት የሚናገር ካርድ ጻፍን። አረር የተተኮሰበት ታንክ ካርዱ ይታያል፤ የአረሩ የመብሳት ኀይል ከብረቱ ውፍረት ከበለጠ ታንኩ ከገበታው ይነሣል፤ ካነሰ ጉዞውን ይቀጥላል። ደንቡ ይኸው ነው።

ለቲ-55 ታንክ በካርዱ ላይ የጻፍነው ቁጥር 400 ሚሊ ሜትር ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር ከታንክ ነጂዎቻችን አንዱ የሆነ አሥር አለቃ የሰማያዊውን ወገን ታንክ ይዞ ወጣ። በቀዩ ወገን አንድ የአር.ፒ.ጂ.-7 ቡድን ከቁጥቋጦ ኋላ አድፍጧል። አሥር አለቃው ካርዱን አየ፤ 400 የሚለውን አነበበ፤ ታንኩንም ያለ ምንም ከለላ በግልጹ ሜዳ ላይ አሰልፎ ወደ ፊት ነዳው። ቀዩ ወገን ተኮሰ። የመጀመሪያው የአር.ፒ.ጂ.-7 ቦምብ የመብሳት ኀይል ወደ 260 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በእኛ ካርድ መሠረት ታንኩ አልተነካም። «ይህማ ግንብ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ተመልካቹም አጨበጨበ።

ያላጨበጨበች አንዲት ሴት ነበረች። የአሥር አለቃው ባለቤት ናት፤ የሦስት ልጆች እናትና በቤተሰብ መኖሪያው ውስጥ የደንብ ልብስ በመስፋት የምትታወቅ ሙያተኛ። ጨዋታው ሲያበቃ ወደ እኛ ቀረብ ብላ፣

«መቶ አለቃ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ 400 የሚሉት የት ተለካ?» አለችን።

«በማሠልጠኛው መጋዘን ካለው ተቆርጦ ከተከፈተው ታንክ ላይ ነው፣ እትዬ» አልናት።

«እንድናየው ይፈቀዳል?»

የቤተሰብ ቀን በመሆኑ ተፈቀደ። ሄድን፤ ባለቤቷም ተከተለን።

ስሕተቱ እንዴት እንደ ተፈጠረ

በመጋዘኑ ያለው ታንክ ለትምህርት ሲባል ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ የግንባሩ ብረት ከጎን ሲታይ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ውፍረቱ ወለል ብሎ ይታያል። ካርዱን ስናዘጋጅ ማስመሪያችንን በተቆረጠው ፊት ላይ ከመሬት ጋር አግድም አጋድመን አረሩ በሚመጣበት አቅጣጫ ለካን፤ 200 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያም ብረቱ ከቀጥታ አቋም 60 ዲግሪ ያዘመመ መሆኑን በመጽሐፍ ስላነበብን፣ «የዘመመ ብረት በ60 ዲግሪ እጥፍ ይሆናል» የሚለውን ደንብ አስታውሰን 200ን በሁለት አባዛን። 400 የመጣው ከዚህ ነው።

እኅታችን ከአንገቷ የማይለየውን የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ በተቆረጠው ብረት ላይ ካንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ አድርጋ፣ ማለትም ለብረቱ ገጽ ቀጤ ነክ አድርጋ ዘረጋችው። 10 ሳንቲ ሜትር። መቶ ሚሊ ሜትር ብቻ! ቀጥላ ሜትሩን እኛ እንዳደረግነው አግድም ያዘችው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

«ጨርቅ በሰያፍ ሲለካ ይረዝማል» አለችን። «እርስዎ በሰያፍ ለኩት፤ ከለኩት በኋላ ደግሞ የሰያፉን ዋጋ እንደ ገና ጨመሩበት። አንዱን ሰያፍ ሁለት ጊዜ ቆጠሩት ማለት ነው።»

መልስ አጣን። እርስዋ ግን አልጨረሰችም። ከግንባሩ ብረት ኋላ በግራ በኩል ወዳለችው ጠባብ መቀመጫ እያመለከተች፣ «እሱ የሚቀመጠው እዚህ ነው?» ስትል ጠየቀች። ባለቤቷ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እውነተኛው ልክ 100 ሚሊ ሜትር ብረት፣ በ60 ዲግሪ ዘሞ፣ በአረሩ መንገድ ሲለካ 200 ሚሊ ሜትር ነው። 260 የሚበሳ ቦምብ 200ን ያልፋል፤ 400ን ግን አያልፍም። እንግዲህ በእኛ ካርድና በእውነቱ መካከል የነበረው ልዩነት የሒሳብ ልዩነት ብቻ አልነበረም። አንድ ነጂ በግልጽ ሜዳ እንዲነዳ ወይም ከለላ እንዲፈልግ የሚያደርግ ልዩነት ነበር። በአሸዋ ገበታ ላይ የተማረውን ሰው በእውነተኛው መስክ ላይ አይረሳውም፤ ትክክለኛውንም ሆነ የተሳሳተውን።

ሒሳቡን በሜትርና በቱንቢ

ነገሩ ከዚህ ከደረሰ ሒሳቡን ለሁሉም ግልጽ ማድረግ ግዴታችን ሆኗል።

ድፎ ዳቦ በቢላዋ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ሲቆረጥ ቢላዋው የሚያልፈው የዳቦውን ውፍረት ብቻ ነው። ቢላዋው ሰያፍ ከገባ ግን ያንኑ ዳቦ ለመውጣት የበለጠ ርቀት መሄድ ይኖርበታል። አረርም እንዲሁ ነው። ብረቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ አረሩ በአጭሩ ያልፋል፤ ካዘመመ መንገዱ ይረዝማል። የትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስታውስ ሰው «ውፍረቱ ለማዕዘኑ ኮሳይን ሲካፈል» ይለዋል። ኮሳይን የማያውቅም ቢሆን ሊቸገር አይገባውም። እኅታችን በዚያው ቀን ያሳየችን ዘዴ ከግንበኛ ቱንቢና ከልብስ ሰፊ ሜትር ሌላ መሣሪያ አይፈልግም።

በዘመመው ብረት ገጽ ላይ ከአንድ ነጥብ ተነሥተን ሽቅብ አንድ ሜትር እንለካለን። ከላይኛው ነጥብ ቁመት ላይ ቱንቢ እንጥልና ሁለቱ ነጥቦች በቁመት ምን ያህል እንደሚበላለጡ እናያለን። በቲ-55 ግንባር ላይ አንዱ ሜትር በቁመት 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የሰያፉ ርዝመት ለቁመቱ ሲካፈል፣ 100 ለ50፣ ሁለት ይመጣል። ውፍረቱ የሚባዛበት ቁጥር ይኸው ነው። ሳይንና ኮሳይን ያላየ ሰው በዚህ መንገድ መሐንዲሱ ከደረሰበት ይደርሳል።

በእጁ ሜትር ለሌለው ደግሞ የሚከተለው ዝርዝር ይረዳዋል። ማዕዘኑ የሚቆጠረው ቀጥ ብሎ ከቆመ ግድግዳ ተነሥቶ ነው።

0 ዲግሪ፣ በ1.00 ይባዛል
30 ዲግሪ፣ በ1.15
45 ዲግሪ፣ በ1.41
50 ዲግሪ፣ በ1.56
55 ዲግሪ፣ በ1.74
60 ዲግሪ፣ በ2.00
65 ዲግሪ፣ በ2.37
70 ዲግሪ፣ በ2.92

በዚህ ዝርዝር የታወቁትን ታንኮች ብንፈትን ብዙ ነገር ይገለጥልናል። በካርኮቭ በሚካኤል ኮሽኪን መሪነት የተነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1940 መመረት የጀመረው ቲ-34 የላይኛው ግንባሩ 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ በ60 ዲግሪ ስለ ዘመመ ግን በአረሩ መንገድ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1941 ይህን ታንክ በጦር ሜዳ የተገናኙት ጀርመኖች ትምህርቱን ወስደው በ1943 ወደ ጦር ግንባር ባወጡት ፓንተር ላይ 80 ሚሊ ሜትር ብረት በ55 ዲግሪ አዘመሙ፤ ይህም ወደ 139 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በፊት የሠሩት ከባዱ ታይገር ግንባሩ 100 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀጥ ለማለት የቀረበ ነበር። ስለዚህ በግንባር ብረት ብቻ ሲመዘን ቀለል ያለው ፓንተር ከከባዱ ታይገር ይበልጥ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ በሸርማን ታንካቸው ላይ መጀመሪያ 51 ሚሊ ሜትር በ56 ዲግሪ፣ ኋላ 63.5 ሚሊ ሜትር በ47 ዲግሪ አደረጉ። የመጀመሪያው 91፣ ሁለተኛው 93 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብረቱ ወፈረ፤ ዝማሜው ቀነሰ፤ በአረሩ መንገድ የሚለካው ግን ከሞላ ጎደል አልተለወጠም።

በነፃ የሚገኝ ነገር የለም

አንባቢ እዚህ ላይ፣ «ማዘመም ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን ሁሉም በ80 ዲግሪ አያዘሙም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በዚያው በእኅታችን ሜትር ላይ አለ።

አንድ ሜትር ቁመት ለመሸፈን ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት አንድ ሜትር ይበቃዋል። በ60 ዲግሪ ያዘመመ ብረት ግን ያንኑ ቁመት ለመሸፈን ሁለት ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ወርዱ አንድ ሜትር ቢሆን፣ 200 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቆመ ብረት ክብደቱ ወደ 1,570 ኪሎ ግራም ይሆናል። 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ሁለት ሜትር የሚረዝመው ዘማሚ ብረትም 1,570 ኪሎ ግራም ነው። በውፍረት ያተረፍነውን በርዝመት ከፈልነው ማለት ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ብዙ ጨርቅ እንደሚበላ የሚያውቁ እኅቶቻችን ይህን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልጉም።

ታዲያ የማዘመም ጥቅሙ ከምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ የዚያ ዘመን ጠጣር አረር ዘማሚ ብረት ሲያገኘው አፍንጫው ይንሸራተታል፤ አንዳንዴ ይነጥራል፤ አንዳንዴም ይሰበራል። ስለዚህ ጥቅሙ በሜትር ከሚለካው በላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀጭን ብረት ከወፍራም ይልቅ ለማንጠርና ለመበየድ ይቀላል፤ ጥራቱም አንድ ወጥ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ የተኛ ግንባር የጣሪያውን ሥራ በከፊል ስለሚሠራ ከጣሪያው ላይ ብረት ይቆጥባል።

ዕዳውም አለ። የዘመመ ግድግዳ የውስጡን ቦታ ይበላል። ጣሪያው ዝቅ ባለ ጎጆ ጥግ ላይ ሣጥን ለማስቀመጥ የሞከረች እመቤት የዚህን ነገር ጣጣ ታውቀዋለች። ቲ-34 ጎኑም ጭምር ዘማሚ ስለ ነበር የቱሬቱ መቀመጫ ጠበበ፤ በውስጡም ሰውና ጥይት ተጨናነቁ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ቲ-44ና ቲ-54 ጎናቸው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተደረገው፣ ማዘመሙም ለግንባር ብቻ የተተወው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት በሁለቱ ወገኖች ከተሰለፉት ታንኮች መካከል አሜሪካ ሠራሹ ኤም-47ና ሶቪየት ሠራሹ ቲ-55 ይገኙበት ነበር። የሁለቱም የላይኛው ግንባር ወደ 100 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ ዝማሜውም 60 ዲግሪ ነው። በዚህ እኩል ናቸው። ክብደታቸው ግን የአንዱ ወደ 46 ቶን፣ የሌላው 36 ቶን ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ቲ-55 አጠር ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ በብረት የሚታቀፈውም ቦታ አነስተኛ ስለሆነ ነው። የዚያን ቁጠባ ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ጉልበቱን አጥፎ ከግንባሩ ብረት ኋላ የሚቀመጠው ነጂ ነው።

ሦስት ወጥመዶች

በጦር ጨዋታ ላይ ካርድ ለሚያዘጋጁ ወጣቶቻችን ከራሳችን ውድቀት የተማርነውን እናካፍላቸዋለን።

የመጀመሪያው ወጥመድ ዝማሜን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። «200 ሚሊ ሜትር» የሚል ቁጥር ያገኘ ሰው፣ ይህ የብረቱ ትክክለኛ ውፍረት ነው ወይስ በአረሩ መንገድ የተለካ? ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ወጥመድ የማዕዘኑ መነሻ ነው። አንዱ መጽሐፍ ከቆመ ግድግዳ ይቆጥራል፤ ሌላው ከመሬት ይቆጥራል። የቲ-34 ግንባር በአንዱ 60፣ በሌላው 30 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የፓንተሩን 55 ዲግሪ በመሬቱ አቆጣጠር 35 ተብሎ ቢያገኘውና መነሻውን ሳይጠይቅ ቢያሰላ፣ 139 መሆን የሚገባው 98 ሆኖ ይወጣል። የማይሳሳት ሰው ያለው በ45 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ሁለቱ አቆጣጠሮች ይገናኛሉና።

ሦስተኛው ወጥመድ በመድፉ ሠንጠረዥ ላይ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሠንጠረዦች የአረሩን የመብሳት ኀይል የሚናገሩት በ30 ዲግሪ ባዘመመ ብረት ላይ ተፈትኖ ነው። የሌሎች አገሮች ሠንጠረዦች ደግሞ ቀጥ ብሎ ለቆመ ብረት የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ሳያስተያይ የሚያነጻጽር ሰው ጤፍን በቁና፣ ስንዴን በኪሎ ሰፍሮ ዋጋቸውን እንደሚያወዳድር ነጋዴ ነው።

መሬቱም ተዋጊ ነው

በካርድ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ለቆመ ታንክ ብቻ ነው። ታንኩ በመሬት ላይ የሚሄድ በመሆኑ ግን መሬቱም ከቁጥሩ ላይ ይጨምራል፤ ይቀንሳልም።

ቲ-55 ወደ ጠላት እያየ 10 ዲግሪ ቁልቁለት ቢወርድ፣ ግንባሩ ቀና ስለሚል ዝማሜው ከ60 ወደ 50 ይወርዳል፤ 200 ሚሊ ሜትር የነበረው 156 ይሆናል። በተቃራኒው 10 ዲግሪ ዳገት ላይ ቢቆም ዝማሜው 70 ሆኖ 292 ይደርሳል፤ ነገር ግን አፍንጫው ሲነሣ የታችኛው ክፍሉ ይጋለጣል። ጥቅሙን ብቻ አይቶ ጉዳቱን የማያይ ነጂ እንዳይኖረን ይህን አበክረን እንናገራለን።

ታንኩን ጎን አዙሮ ማቆምም እንዲሁ ሁለት ስለት አለው። አረሩ ከሚመጣበት አቅጣጫ 30 ዲግሪ ቢዞር ግንባሩ ከ200 ወደ 231 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የቲ-55 ጎን ግን ቀጥ ብሎ የቆመ 80 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። በ30 ዲግሪ ሲዞር ጎኑ በአረሩ መንገድ 160 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ይጋለጣል። ስናሰላው፣ ዙሩ ከ24 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ጎኑ መጀመሪያ ግንባሩ ከነበረበት ከ200 በታች ይወርዳል። በጥቂቱ መዞር ይጠቅማል፤ አብዝቶ መዞር ጀርባን እንደ መስጠት ነው።

በሜትር የማይለካ

ሜትር የማይደርስበት ነገር እንዳለም መታወቅ አለበት። ዲያሜትሩ ከብረቱ ውፍረት እጅግ የሚበልጥ አረር ለዝማሜው ብዙም አይበገርም፤ ቀጭኑን ብረት ሰብሮ ይገባል። እንደ አር.ፒ.ጂ.-7 ያለው ቦምብ ደግሞ የሚበሳው በፍጥነቱ ግፊት አይደለም፤ ፈንጂው ሾጣጣውን የመዳብ ሽፋን ወደ ቀጭን ፈጣን ዘንግ ለውጦ ስለሚልከው ነው። ያ ዘንግ እንደ ጠጣር አረር አይነጥርም። ስለዚህ ለእርሱ ዝማሜው የሚጠቅመው መንገዱን በማስረዘሙ ብቻ ነው። ዛሬ የሚተኮሱት ረዣዥም ቀስት መሰል አረሮችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። የብረቱም ጥራት አለ፤ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ተዳምጦ ከተዘረጋው አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ ከመጠን በላይ የጠነከረም እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ በጨዋታችን ካርድ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ትተናል። አሁን ሦስት እንጽፋለን፤ የብረቱን ትክክለኛ ውፍረት፣ ዝማሜውን ከቆመ ግድግዳ ተቆጥሮ፣ በአረሩም መንገድ የሚለካውን። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ካርዱ ወደ ገበታው አይወጣም።

የቤተሰብ አምድ

«የጦር ጨዋታ ለሴት ምኗ ነው?» የሚል ሰው በሠፈራችን አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ወንድማችን አንድ ታሪክ እንንገረው።

ጨዋታን ለጦር ትምህርት ማዋል የቆየ ነገር ነው። አባቶቻችን በሰንጠረዥ ሲጫወቱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ «ወረራ» ብለው ጦራቸውን በፍጥነት ያሰልፉ ነበር። በፕሩስያም ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ የጦር ጨዋታ ገበታ አቀረበ፤ ልጁም በ1824 አሻሽሎ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የእንግሊዝን የስንቅ መርከቦች እየለቀሙ በሚያሰጥሙበት ጊዜ፣ በሊቨርፑል ከተማ ጊልበርት ሮበርትስ የተባለ በሕመም ምክንያት ከባሕር የተሰናበተ መኮንን አንድ አነስተኛ ክፍል እንዲያቋቁም ታዘዘ። ረዳቶቹ በአብዛኛው ከባሕር ኀይሉ የሴቶች አገልግሎት የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ወለሉን እንደ ባሕር ወስደው በጠመኔ የመርከቦችን መንገድ ሣሉበት፤ መኮንኖቹን ከመጋረጃ ኋላ አስቀምጠው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንዲያዩ አደረጓቸው። በዚህ ጨዋታ ሰርጓጅ መርከቦቹ ወደ ተሳፋሪው ጓድ መካከል ገብተው ይተኩሱ እንደ ነበር ደረሱበት፤ መከላከያ ዘዴም አወጡለት። ዘዴውን «ራስፕቤሪ» ብላ የሰየመችው ከሴቶቹ አንዷ ዣን ሌይድሎ ናት። ሌላይቱ ዣኔት ኦኬል፣ የአካባቢው አዛዥ የነበረውንና ራሱ የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆኖ ያገለገለውን አድሚራል ማክስ ሆርተንን በዚሁ ጨዋታ እንደ ረታችው ይነገራል። እነዚህ ሴቶች በውቅያኖስ ላይ መርከብ አዝዘው አያውቁም ነበር። ከወለሉ ላይ የተነሣው ትምህርት ግን ብዙ መርከበኛ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ረድቷል።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ በቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ቀላል ሙከራ እንተውላችኋለን። ከጫማ ሣጥን ክዳን አንድ ካርቶን ቁረጡ፤ በመጽሐፍ ላይ አስደግፋችሁ አዝሙት። ክር ላይ ትንሽ ድንጋይ አስራችሁ ቱንቢ አድርጉ። ልጆቻችሁ የካርቶኑን ሰያፍ ርዝመትና ቁመቱን በሜትር ለክተው አንዱን ለሌላው ያካፍሉ። ከዚያ ካርቶኑን ይበልጥ አስተኝተው እንደ ገና ይለኩ። ቁጥሩ እንዴት እንደሚያድግ፣ ካርቶኑም የሚሸፍነው ቁመት እንዴት እንደሚያጥር ራሳቸው ያዩታል። በትምህርት ቤት ኮሳይን ሲመጣባቸው የሚፈሩት ባዕድ ሳይሆን የሚያውቁት ዘመድ ይሆንላቸዋል።

ማጠቃለያ

በሚቀጥለው ጊዜ ጨዋታው በታረመው ካርድ እንደ ገና ተካሄደ። በፊታቸው ያጨበጨቡልን ሰዎች በተሰበሰቡበት ቆመን 400 የተባለው ስሕተት እንደ ነበረ፣ ማን እንዳረመውም ተናገርን። በመጀመሪያ ደስ አላለንም ብንል እውነት ነው። ነገር ግን አንድ መኮንን ስሕተቱን የሚደብቅበት ካርድ፣ ሌላው ሰው ነፍሱን የሚያስይዝበት ካርድ ነው።

አሥር አለቃው ያንኑ ሰማያዊ ታንክ ያዘ። ካርዱን አነበበ፤ 100፣ 60፣ 200። ለጥቂት ጊዜ አሸዋውን ሲመለከት ቆየና ታንኩን ከግልጹ ሜዳ አንሥቶ ከኮረብታው ጀርባ፣ ቱሬቱ ብቻ እንዲታይ አድርጎ አስቀመጠው። ቁጥቋጦውንም አስቀድሞ እግረኛ እንዲያስፈትሽለት ጠየቀ። በዚያ ቀን ጨዋታው ዘለግ አለ፤ ጭብጨባም አልነበረም። ባለቤቱ ግን ልጇን አቅፋ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አየች።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ አንድ ፓንተር ታንክ 80 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ በ55 ዲግሪ የዘመመ ግንባሩን ወደ ባላጋራው አድርጎ 10 ዲግሪ ቁልቁለት እየወረደ ነው። በአረሩ መንገድ የግንባሩ ልክ ስንት ይሆናል? መልሱን ባልና ሚስት ተመካክረው ይላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ሜትራችሁ አይጥፋባችሁ።